ኢንተርኔት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሎጊኑንም ለነገ አታሳድሩት

ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው፦ «ቲቸር፣ ዌብ ዴቨሎፕመንት መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ኢንተርኔቱ አያስተማምንም፤ ምን ላድርግ?» ሁለተኛው፦ «ቲቸር፣ ፕሮጀክቴን ላፕቶፔ ላይ አስነሣሁት፤ ገጹ ይከፈታል፤ ሎጊን ግን እምቢ አለኝ። ለጊዜው ሎጊኑን ባጠፋውስ?»

ለሁለቱም መልሴ አጭር ነው። ኢንተርኔት አትጠብቁ። ሎጊኑንም አታጥፉ። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ በራስ ማሽን ላይ መሥራትን እንደ እውነተኛ ሥራ አለመቁጠር። ምክንያቴን ላስረዳ።

ስለ ኢንተርኔቱ

እዚህ ባሕር ዳር ኢንተርኔት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የ2008ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ ከተሰረዘ ወዲህ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋ አይተናል። በሰኔ 2011 ተዘግቷል። በሰኔ መጨረሻ 2012 በመላ አገሪቱ ተዘግቷል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት አልነበረም። ለምን ተዘጋ የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ በእነዚያ ወራት ስንት ጎበዝ ልጅ «ኢንተርኔት ሲለቀቅ እጀምራለሁ» ብሎ ላፕቶፑን ፊልም ማያ አደረገው?

እዚህ ላይ አንድ የተደባለቀ ነገር አለ። ዌብ አፕሊኬሽን እና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዌብ አፕሊኬሽን እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ጠያቂ (ብራውዘሩ)፣ መላሽ (ሰርቨሩ)፣ መዝገብ (ዳታቤዙ)። ሦስቱም አንድ ላፕቶፕ ውስጥ መኖር ይችላሉ። በጃንጎ ሰርቨር ስታስነሡ 127.0.0.1 እና 8000 የሚሉ ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው አድራሻ ነው፤ ትርጉሙም «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ሁለተኛው በር ነው። ብራውዘሩ ላይ ሎካልሆስት ብላችሁ ስትጽፉ ጥያቄው ከማሽኑ አይወጣም። ሲም አይፈልግም፤ ዋይፋይ አይፈልግም፤ የኔትወርክ ገመድ አይፈልግም። እዚያው ዞሮ ይመለሳል። የኢንተርኔትን ሥርዓት የነደፉት ሰዎች በ127 የሚጀምረውን አድራሻ በሙሉ፣ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቁጥር፣ ለዚህ አገልግሎት ብቻ አስቀምጠውታል። ይህን ያህል ቦታ የሰጡት ለቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ወር ያለፈው በሩ ተዘግቶብን ብቻ አይደለም፤ ቤታችን ውስጥ ያለውን በር ባለማየታችንም ጭምር ነው።

«ግን ቲቸር፣ ፓኬጆቹስ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጃንጎም ሆነ ላራቬል፣ ሪአክትም ሆነ ሌላው መጀመሪያ መውረድ አለበት። ግን አንዴ ብቻ ነው። ፓይቶን ላይ ፒፕ ዳውንሎድ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ከነጥገኞቹ ወደ አንድ ፎልደር ያወርደዋል። ፎልደሩን በፍላሽ ትይዛላችሁ፤ ከዚያ ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ላይ «ከዚህ ፎልደር ብቻ ጫን» ትሉታላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ያወረዳችሁት ለሊኑክስ፣ ለአንድ የፓይቶን ቨርዥን ያወረዳችሁትም ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ እሱን ብቻ አስተያዩ። አንድ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወይም ኢንተርኔት ወዳለበት ካፌ ሄዶ ካወረደ ለሠላሳ ልጅ ይበቃል። ማብራሪያ መጻሕፍቱም እንደዚያው። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ኮሊብሪ ደግሞ ትምህርቶችን በአንድ ኮምፒውተር ጭኖ ለክፍሉ በሙሉ ያድላል። ሁለቱም የተሠሩት እንደ እኛ ላለው ሰው ነው፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ሌላው ወጥመድ ይህ ነው። ልጆቹ ሲዲኤን ከሚባለው ቦታ ቡትስትራፕን ወይም ፎንት በሊንክ ይጠሩታል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ገጹ ይከፈታል፤ ግን ልብሱን የተገፈፈ ይመስላል። «ኮዴ ተበላሸ» ይላሉ። አልተበላሸም። ፋይሉን አውርዳችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀምጡት፤ አለቀ።

እኔ ደግሞ አንድ እርምጃ እጨምራለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ማንኛውም ራውተር፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም፣ ማሽኖችን እርስ በርስ ያገናኛል። ሰርቨሩን በ127.0.0.1 ፋንታ በ0.0.0.0 ታስነሡታላችሁ፤ «ከማንኛውም አቅጣጫ የመጣ ይግባ» ማለት ነው። ጃንጎ ላይ የተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር ውስጥ የላፕቶፑን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምረውን፣ ትጨምራላችሁ። ካልጨመራችሁ ከስልክ የሚመጣውን ሁሉ አልቀበልም ይላል። ዊንዶውስ ፋየርዎልም ሲጠይቃችሁ ለግል ኔትወርክ ብቻ ፍቀዱለት። ከዚያ ተማሪው ከራሱ ስልክ የእናንተን ላፕቶፕ ከፍቶ አካውንት ያወጣል፤ ይገባል፤ ይወጣል። አንድ ብር ዳታ ሳይቃጠል አርባ ልጅ ዌብ ምን እንደሆነ በእጁ ይነካል። ይህን ያየ ልጅ «ሰርቨር አሜሪካ ያለ ነገር ነው» ብሎ አያስብም። ሰርቨር ቲቸር ጠረጴዛ ላይ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ሊሆን ይችላል።

ከተማችን ለዚህ ዓይነት ትምህርት እንግዳ አይደለችም። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም ዓላማው ወርክሾፕ ገብቶ፣ ብረት ይዞ፣ ማሽን ላይ ቆሞ የሚሠራ ባለሙያ ማፍራት ነበር። ሎካልሆስት የእኛ ዘመን ወርክሾፕ ነው። ቪዲዮ እያዩ መማርና ወርክሾፕ ገብቶ መማር ልዩነቱ ያኔም ዛሬም አንድ ነው።

ስለ ሎጊኑ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

«ለጊዜው ሎጊኑን ላጥፋው፤ ሲያልቅ እጨምረዋለሁ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስሰማ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለው ሌባ ትዝ ይለኛል። ነገሩ የሚበላሸው ትልቅ ሲሆን አይደለም፤ ትንሽ እያለ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሎካል ላይ ሎጊን እምቢ ሲላችሁ ማሽኑ እያስተማራችሁ ነው። በተደጋጋሚ ያየኋቸውን ምክንያቶች ልዘርዝር።

1. ዳታቤዙ ባዶ ነው። ከጓደኛችሁ ኮዱን ወሰዳችሁ፤ ኮዱ መጣ፤ መዝገቡ ግን አብሮ አልመጣም። በጓደኛችሁ ማሽን ላይ ያለው «አድሚን» በእናንተ ማሽን ላይ ገና አልተወለደም። ጃንጎ ላይ ማይግሬት ካላላችሁ ደግሞ ሠንጠረዡ ራሱ የለም፤ ስሕተቱም በግልጽ «ኦውዝ ዩዘር የሚባል ቴብል የለም» ይላል። ቀዩን ጽሑፍ አንብቡት! ቀይ ስለሆነ ብቻ አትሽሹት። ማይግሬት በሉ፤ ከዚያ ክሪኤት ሱፐር ዩዘር በሉ። ፓስዎርድ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ከኋላችሁ የቆመ ሰው እንዳያይ ነው። ዝም ብላችሁ ጻፉና ኢንተር ምቱ።

2. ፓስዎርዱን በእጃችሁ ዳታቤዙ ውስጥ ጻፋችሁት። ፒኤችፒ ማይአድሚን ከፍታችሁ፣ ፓስዎርድ የሚለው ሳጥን ውስጥ «1234» ብላችሁ ሞላችሁ። ሎጊኑ አይቀበላችሁም፤ አይገባውምም። ምክንያቱም ጥሩ ሲስተም ፓስዎርድን እንዳለ አያስቀምጥም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ስሌት ፈጭቶ፣ ጨው የሚሉትን የዘፈቀደ ነገር ነስንሶበት ነው የሚያስቀምጠው። እህል ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ወደ እህልነት አይመለስም። ለዚህ ነው ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ፓስዎርድ ቢመርጡ እንኳ መዝገቡ ላይ የተለያየ ጽሑፍ የምታዩት። ይህን በሎካል ዳታቤዝ ላይ በዓይኑ ያየ ተማሪ ሀሺንግን ለፈተና መሸምደድ አያስፈልገውም።

3. አንዴ በሎካልሆስት፣ አንዴ በ127.0.0.1 ትከፍታላችሁ። ለእናንተ አንድ ነው፤ ለብራውዘሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ኩኪው የተሰጠው ለአንዱ ስም ስለሆነ በሌላው ስም ስትመጡ አያውቃችሁም። «ገብቼ ነበር፤ ራሱ አስወጣኝ» የምትሉት ይህ ነው። የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ኩኪ የበር ቁጥር አይለይም። አንድ ፕሮጀክት 8000 ላይ፣ ሌላው 8001 ላይ ካለና ሁለቱም ጃንጎ ከሆኑ የኩኪያቸው ስም አንድ ነው፤ አንዱ ላይ ስትገቡ ከሌላው ትወጣላችሁ። መፍትሔው ለየፕሮጀክቱ የኩኪ ስም መለየት ነው።

4. ኩኪው «ሴኪዩር» ተብሏል። እንዲህ ያለ ኩኪ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው የሚጓዘው። ከስልክ በተራ ኤችቲቲፒ ወደ ላፕቶፑ ስትገቡ ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ተመልሳችሁ ሎጊን ገጹ ላይ ታርፋላችሁ። መፍትሔው ለሎካል አንድ ሴቲንግ፣ ለሕዝብ ለሚወጣው ሌላ ሴቲንግ መያዝ ነው። በሁለቱም ላይ ማጥፋት መፍትሔ አይደለም።

5. በጉግል ግቡ የሚለውን በተን ብቻ ነው ያስገባችሁት። ኢንተርኔት ከሌለ ጉግል የለም፤ ጉግል ከሌለ ሎጊን የለም። የራሳችሁ የዩዘርኔምና የፓስዎርድ መንገድ መጀመሪያ ይኑራችሁ። «ኢሜይላችሁን አረጋግጡ» የሚለውንም ቢሆን ጃንጎ ኢሜይሉን ተርሚናሉ ላይ እንዲጽፈው ማዘዝ ይቻላል፤ ሊንኩን ከዚያው ኮፒ ታደርጋላችሁ። ኢሜይል ሳይላክ የኢሜይሉ ሥራ ይፈተሻል።

6. ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው። አትሳቁ! ፓስዎርድ ሳጥኑ ነጥብ ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ በግእዝ ፊደል እየጻፋችሁ መሆኑን አታዩም።

እዩ እንግዲህ። ሎጊኑን ያጠፋ ልጅ ከእነዚህ ስድስቱን ትምህርት አጣ። ያላጠፋው ልጅ ግን ሁለት ቀን ተናድዶ፣ ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ሀሺንግ፣ ስለ ኩኪ፣ ስለ ኤችቲቲፒኤስ ብዙ ሰው በሴሚስተር የማያገኘውን አገኘ።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛው ቋንቋ ላይ ላክል። ተጠቃሚው ስሙን በአማርኛ እንዲጽፍ ከፈቀዳችሁ ሠላም እና ሰላም ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ ሦስት ሰው ናቸው። ልጅቱ በ«ሠ» ተመዝግባ በ«ሰ» ስትመጣ ሲስተሙ «አላውቅሽም» ይላታል። «የቤተሰብ ስም ግዴታ ነው» የሚል ፎርም ደግሞ በአባትና በአያት ስም የሚጠራን ሕዝብ ያደናግራል። የልደት ቀን ላይ ጳጉሜን ከሌለ በጳጉሜን የተወለደው ልጅ የት ይግባ? እነዚህን የውጭ አገር ቪዲዮ አያስተምራችሁም። በሎካል ማሽናችሁ የአክስታችሁን፣ የጎረቤታችሁን ዓይነት ስም እያስገባችሁ ስትፈትሹ ብቻ ነው የምታገኙት።

ልማዱ ተከትሏችሁ ይወጣል

«ሎካል ላይ ነው እኮ፤ ማን ያየዋል?» የሚለው ክርክር አለ። እውነት ነው፤ ማንም አያየውም። ችግሩ ግን ኮዱ ሎካል ላይ አይቀርም። ልማዱም አይቀርም።

የውጭውን ዓለም ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ሞንጎዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ ድሮ ሲጫን ፓስዎርድ አይጠይቅም ነበር፤ ለሎካል ሥራ እንዲቀል ተብሎ ነው። ሰዎች እንዳለ ሰርቨር ላይ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ዳታቤዞች ተዘረፉ፤ ዳታውን ደምስሰው «ገንዘብ ክፈሉና እንመልስላችኋለን» የሚል ጽሑፍ አስቀመጡባቸው። ማንም ቁልፍ አልሰበረም። ቁልፍ አልነበረም። ሁለተኛው ሚራይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ካሜራዎችንና ራውተሮችን በፋብሪካ ፓስዎርዳቸው፣ እነ «አድሚን/አድሚን»ን ከያዘ ስድሳ ገደማ ዝርዝር እየሞከረ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎችን ተቆጣጠረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በአሜሪካ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አቆመ። ከዚህ በኋላ ነው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለሁሉም አንድ የሆነ የፋብሪካ ፓስዎርድ ያለውን የቤት ዕቃ በሕግ የከለከለችው።

ወደ እኛው ቤት እንምጣ። ዛምፕ ስትጭኑ የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ «ሩት» ያለ ፓስዎርድ ነው የሚመጣው። ለሎካል ነው የተዘጋጀው፤ አዘጋጆቹም ለሕዝብ አታውጡት ብለው ይናገራሉ። ጃንጎም ራንሰርቨርን ለሕዝብ አትጠቀሙበት ይላል፤ ዲበግ ክፍት ከሆነ ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር የውስጥ ኮዳችሁን ለማንም አላፊ አግዳሚ ያሳያል። ግን ስንቱ ነው የሚሰማው?

የእኛ ልጆች ዛሬ የሚሠሩት መጫወቻ ብቻ አይደለም። ለመድኃኒት መደብር ይሠራሉ። ለዕቁብ ይሠራሉ። ለግል ክሊኒክ ይሠራሉ። ለትምህርት ቤት የውጤት መመዝገቢያ ይሠራሉ። አንድ የድሮ ተማሪዬ ለሆነ ተቋም የተሠራ የውጤት ሲስተም አሳይቶኝ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የአስተዳዳሪው ዩዘርኔምም ፓስዎርዱም «አድሚን» ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅ «የሠራው ልጅ ላፕቶፑ ላይ እንደዚያ ነበር፤ እንዳለ ነው የጫነው» አለኝ። አያችሁ? ማንም ክፉ አላሰበም። ሎካል ላይ የነበረው ብቻ ነው የወጣው። ግን የአንድ ልጅ ውጤት ከ47 ወደ 74 ቢቀየር ማን ቀየረው ይባላል? መዝገቡ «አድሚን» ነው የሚለው። አድሚን ደግሞ ሁሉም ሰው ነው። ያን ጊዜ በሐቅ 74 ያመጣው ልጅ ወረቀትም ጥርጣሬ ይወድቅበታል። ለእኔ ለመምህር ከዚህ የከፋ የለም። ሎጊን «ይህን ያደረገው ማን ነው» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። መልሱ የጠፋበት መዝገብ መዝገብ አይደለም።

ሕጉም ዝም አላለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ሲስተም መግባትን ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ አካል የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ስለዚህ ሌላ ልማድ ላስጠንቅቃችሁ፤ የእውነተኛ ተማሪዎችን ወይም ታካሚዎችን ዝርዝር ለመሞከሪያ ብላችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ አትጫኑ። ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ለጥገና ይሰጣል፤ ለጓደኛ ይዋሳል። ሐሰተኛ ስም ፍጠሩ፤ «ተማሪ 1፣ ተማሪ 2» በቂ ነው። ፓስዎርድ የያዘውን ፋይል፣ ኢኤንቪ የምትሉትን፣ ከኮዱ ጋር ጊትሀብ ላይ አትጫኑት። አንዴ ከወጣ ብታጠፉትም በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ ፓስዎርዱን መቀየር ብቻ ነው የሚያድናችሁ።

የሚቃወሙኝ

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ «ጀማሪን በሎጊን አታስጨንቀው፤ መጀመሪያ ገጽ መሥራት ይልመድ» ይሉኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የገጽ ይሁን። ግን ዳታቤዝ የነካ ዕለት ሎጊን ይምጣ። መረጃ መያዝ የጀመረ ሲስተም ባለቤት መጠየቅ አለበት። ደግሞስ ሎጊን መጨረሻ ላይ ሲጨመር ምን ይሆናል? ሠንጠረዡ ላይ «ማን መዘገበው» የሚል ዓምድ የለም። እያንዳንዱን ገጽ እንደገና መክፈት ነው። ሦስት ገጽ ይረሳል፤ የተረሳው ገጽ ያለ ቁልፍ ይቀራል። ቤት ሠርቶ ጨርሶ ከዚያ የበር ቦታ እንደ መፈለግ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሎካል ብቻ ከሆነ ልጁ እውነተኛውን ሰርቨር መቼ ይማር?» ይላሉ። ይህም ልክ ነው። ሎካልሆስት መጨረሻ አይደለም። ዶሜይን፣ ኤችቲቲፒኤስ፣ የብዙ ሰው ጫና፣ ባክአፕ፣ እነዚህ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ጣና ላይ አዲስ ታንኳ ሠርቶ፣ ዳር ላይ ሳይሞክር ሰው ጭኖ ወደ መሃል የሚቀዝፍ የለም። ዳር ላይ መሞከር መሃሉን መፍራት አይደለም።

አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ሥልጠና ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ ነጻ ነው፤ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ተመዝገቡ እላለሁ። ግን ሥልጠናው በኦንላይን ነው። ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር ትምህርቱ አብሮ እንዳይጠፋ የተማራችሁትን በዚያው ምሽት ሎካል ላይ አስነሡት። ሰርተፊኬት ያለውና በራሱ ማሽን ላይ አንድ ሲስተም አስነሥቶ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ የሚያሳይ ልጅ ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ ልዩነታቸው በአምስት ደቂቃ ይታወቃል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ መሆኑን አትርሱ። ኦንላይን የሚፈተነው ልጅ ፊት መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ የሂሳብ አይደለም፤ «ዩዘርኔም» እና «ፓስዎርድ» የሚል ነው። ከገጠር የመጣ፣ ኮምፒውተር ብዙ ያልነካ ልጅ ያንን ሳጥን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ዕለት ማየት የለበትም። ኢንተርኔት በሌለው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ራውተር፣ ሃያ ጊዜ ገብቶ ወጥቶ ሊለማመደው ይችላል። ይህ በጀት አይጠይቅም። ፈቃደኝነት ነው የሚጠይቀው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ለርዕሳነ መምህራን፦ ላቦራቶሪውን «ኢንተርኔት የለም» ብላችሁ አትቆልፉት። መብራት ካለ ትምህርት አለ።

ለአይሲቲ መምህራን፦ አንድ ፍላሽ አዘጋጁ። ፓይቶን፣ ኮድ መጻፊያው፣ የጃንጎ ፎልደር፣ ኪዊክስ ይኑርበት። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እንቀባበለው። የመጀመሪያውን ሎጊን ከተማሪዎቹ ጋር አብራችሁ ሥሩት፤ ፓስዎርዱ ተፈጭቶ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠውን አሳዩአቸው።

ለተማሪዎች፦ ነገ ጠዋት ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም አንድ ሲስተም አስነሡ። ሦስት ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ አስተዳዳሪ፣ መምህር፣ ተማሪ። ተማሪው የመምህሩን ገጽ ሊከፍት ሲል ይከልከለው። ሳትገቡ የውስጥ ገጹን አድራሻ በቀጥታ ጽፋችሁ ሞክሩ፤ ከከፈተላችሁ ገና አልጨረሳችሁም። ውጡና የብራውዘሩን የኋላ ቀስት ተጫኑ፤ የሌላ ሰው መረጃ አሁንም ይታያል? እንደ ሌባ አስቡ። በራሳችሁ ቤት ላይ ሌባ መሆን ማንም አይከለክላችሁም፤ ብቸኛው የተፈቀደ ቦታም እሱ ነው።

የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ ስማችሁን ሳልጠራ እንደመለስኩላችሁ ቁጠሩት። ፓይቶንና የጃንጎ ፎልደሩ ፍላሽ ላይ አለኝ፤ ባሕር ዳር ያላችሁ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ብቅ በሉ፣ እገለብጥላችኋለሁ። ሎጊን እምቢ ያላችሁ ደግሞ የስሕተቱን ጽሑፍ ሙሉውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡት፤ «አልሠራ አለኝ» ብቻ አትበሉኝ። ፓስዎርዳችሁን ግን እንዳትጽፉልኝ፤ ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ታሳፍሩኛላችሁ።

ቸር እንሰንብት።